የምርምሩ ተከሳሽ

ትክል ድንጋይ በምትባል ትንሽ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዎቼ አይናገሩም ነበር። ጸጥታ ደስ የሚለው መምህር አለ። እኔ ግን ጎንደር ከተማ በጨዋታ ያደግሁ ነኝ፣ ተናግሬ መልስ ካላገኘሁ ያመኛል። «ጥያቄ ያለው?» ስል ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። በዚያ ላይ የአውራጃው ተቆጣጣሪ ክፍሌን ሊያይ እንደሚመጣ፣ ልጆቹ በእሱም ፊት ዝም ካሉ ወደ ቆላው ሳንጃ እንደምዛወር ርእሰ መምህሩ ሹክ ብሎኛል። ሳንጃ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። እኔ ሙቀት አልችልም፤ የአዘዞ ፀሐይ እንኳ ራሴን ያዞረኛል።

የዚያን ክረምት ለመምህራን በተሰጠ ኮርስ ላይ አንድ አዲስ ነገር ሰምቼ ነበር፤ ተግባራዊ ምርምር። መምህሩ የክፍሉን ችግር ራሱ ያጠናል፣ አንድ ነገር ይለውጣል፣ ውጤቱን ያያል፣ ካልሠራለት ሌላ ይሞክራል። ወደድሁት። አንድ ጠዋት ደረቴን ነፍቼ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ምርምር ይካሄዳል። ማን እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል ይጻፋል» ብዬ አወጅሁ።

የሚጽፈው ጓደኛዬ፣ ልጆቹ ገና የማያውቁት አዲሱ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ያን ሰሞን ዓይኑን አሞት ጥቁር መነጽር አድርጓል። ከኋላ ወንበር እግሩን አነባብሮ ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ።

ዘመኑ የደርግ ነው። «ምርምር» የሚለውን ቃል ያገሬው ልጅ ከየት ያውቀዋል? «ምርመራ» የሚለውን ግን ሁሉም አሳምሮ ያውቀዋል። ልጆቹ ቤታቸው ገብተው መምህሩ ምርመራ ጀምሯል፣ ባለ ጥቁር መነጽር ሰው ከኋላ ሆኖ የተናገረውን ሁሉ ይጽፋል ብለው አወሩ። ወላጅም ልጁን መከረ።

በማግስቱ ፊት የምትቀመጠውን ልጅ «ስለ ሦስት ማዕዘን የምታውቂውን ንገሪን» አልኋት።

«አላውቀውም» አለች። «አብረንም ታይተን አናውቅም።»

«ትናንት ተምረናል እኮ» ብዬ ወደ ጎረቤቷ ዞርሁ።

«ትናንት ገበያ ነበርሁ፣ ምስክር አለኝ» አለ። ትናንት አፍንጫዬ ሥር ነበር የተቀመጠው። ጓደኛዬ ከኋላ ይህንንም ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ የልጆቹ ወላጆች የላኳቸው ሽማግሌዎች መጡ። «ምነው መምህር» አሉ ትልቁ አዛውንት፣ «ልጆቹ ምን ቢያጠፉ ነው የሚመረመሩት? እኛ ሸጋ አድርገን ነበር ያሳደግናቸው።»

አፈርሁ። ላረጋጋቸው ብዬ የባሰውን ተናገርሁ። «ኧረ አያ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ። የምመረመረው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? መርማሪውስ ማን ነው?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

አዛውንቱ ትኩሳት እንዳለኝ ለማወቅ ግንባሬን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው «እንዲህ እንዲሉ አዘዋቸው ነው» አሉ ዝግ ብለው።

ከዚያ ቀን ወዲያ እንደ እስረኛ ተጠየቅሁ። አንዷ እናት ዳቦ፣ ሌላዋ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ «እግዜር ያስፈታዎ» ብለው ይሄዳሉ። ተግባራዊ ምርምር ምን እንደሆነ ባስረዳሁ ቁጥር ዳቦው ይበዛል። መጨረሻ ላይ ማስረዳቱን ተውሁት። ዳቦው ጥሩ ነበር።

ተቆጣጣሪው ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሳንጃ ታየችኝ። «የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?» አልሁ። የክፍሉ እጅ በሙሉ ወጣ።

«መቶ ሰማንያ ዲግሪ» አለች ከሦስት ማዕዘን ጋር ታይታ የማታውቀው ልጅ። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች፤ «ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሰው አይጎዱም።»

ሌላው ተነሥቶ ያልተጠየቀውን ክፍልፋይ በቃሉ አወረደና «ይህንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው» ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ እየተሻሙ ሲመሰክሩልኝ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«ጌታው» አሉ አዛውንቱ፣ «ለመምህሩ ዋስ ልንሆን ነው የመጣን።»

«ምን አጥፍተው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«እኛም እሱን ነው የምንጠይቀው።»

ተቆጣጣሪው ሲሸኝ እጄን ጨበጠኝ። «ጓድ፣ ተማሪውንም ሕዝቡንም እንዲህ ያነቃነቀ መምህር አላየሁም። በምን ዘዴ ነው?»

«በተግባራዊ ምርምር» አልሁ። ሳንጃ ቀረችልኝ።

በማግስቱ እየዘመርሁ ክፍል ገባሁ። ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ተፈቱ?»

«ተፈታሁ» አልሁ ከልቤ ደስ ብሎኝ። ክፍሉ እፎይ አለ። ከዚያ የቤት ሥራውን ጠየቅሁ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ለሦስት ማዕዘን ግድ ያልነበራቸው ልጆች ለእኔ ግድ እንዳላቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኔ ሞላ፤ በጠመኔው አሳበብሁ። በክረምቱ ኮርስም አንዱ ካልሠራ ሌላ ይሞከራል ተብዬ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሬ ተከዝ አልሁና «ጉዳዬ ግን ገና አላለቀም። በቀጠሮ ነው የለቀቁኝ» አልሁ።

የሁሉም እጅ ወጣ። ትክል ድንጋይ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ በቀጠሮ እንዳለሁ ኖርሁ።