በወይራ የታጠነች የብርሃን ቅል

መምህርት ይርጋነሽ ቢቸና ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ያውም ራሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት። ልጅ ሳለች በዚያው ጨለማ ክፍል ከኋላ ተቀምጣ፣ ሰሌዳው ሳይታያት እየገመተች ስትገለብጥ ሰባተኛ ክፍልን ደግማለች። «ደነዝ» ብለዋታል። እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ስለዚህ ዘንድሮ ርእሰ መምህሩ አቶ አካለ ወልድ የክፍሎቹን ግድግዳ ድፍን አረንጓዴ ሊያስቀቡ ነው ሲባል ደሟ ፈላ። የሰውየው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እድፍ አያሳይም።

«ሰሌዳም አያሳይም!» አለቻቸው። «ኖራ ይቀባ!»

«እንግዲያው ቅዳሜ ወላጅ ኮሚቴው ፊት በሳይንስ አሳዪና።»

አንድ ነገር ብርሃን ምን ያህል እንደሚመልስ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ውስጡ ነጭ የሆነ ባዶ ኳስ ነው። ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ እየነጠረ እኩል ይዳረሳል። ፈረንጅ በውድ ይሸጠዋል። ይርጋነሽ ግን ከገበያ አንድ ድቡልቡል ቅል ገዛች፤ ኖራ በጥብጣ ጨምራ፣ እያዟዟረች ውስጡን ቀባችና አደረቀችው፤ ጎኑን ሁለት ቦታ በሳችው። በአፉ ባትሪ ታበራለች፤ በአንዱ ቀዳዳ ቀለም የተቀባ ጣውላ ትገጥማለች፤ በሌላው የስልኳን ብርሃን መለኪያ ትደግናለች። ሐሙስ ስትሞክረው ነጩ ጣውላ አረንጓዴውን አስከነዳው። አቶ አካለ ወልድ ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡና ፊታቸውን አጨማደው «ኮሚቴው ሳያይ አልቀበልም» ብለው ወጡ።

ዓርብ አማቷ እማማ ፀሐይነሽ ከሞጣ መጡ። ይርጋነሽ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ የወይራ ጭስ በጭስ ሆኗል።

«ምነው ልጄ፣ የወተት ቅል ሳይታጠን ይቀመጣል? የትኛው ቀውስ እንደሆነ እንጃ፣ ኖራ ደፍቶበታል። በጠጠር ፈግፍጌ አጠንሁልሽ። ቀዳዳውንም በሰም ደፈንሁልሽ።»

ምን ትበል? አማት ናቸዋ! «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች። ከዚያ ጓሮ ወጣችና ጎመኑን ስትሰድበው አመሸች።

ሌላ ቅል ገዝታ፣ ቀብታ ለማድረቅ ጊዜ አልነበራትምና፣ ቅዳሜ ሰሙን ፈንቅላ፣ ያንኑ ቅል ታቅፋ ስብሰባው ላይ ቀረበች። ነጩን ጣውላ ገጠመች፤ የስልኩ ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ። አረንጓዴውን ገጠመች፤ ያው ነው።

አቶ አካለ ወልድ በሳቅ ፈረሱ። «እኩል ናቸው! ሳይንስ ፈረደ!»

ይርጋነሽ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ተናደደች፤ እሷ ደግሞ ነገር የሚገለጥላት ስትናደድ ነው።

«ሐሙስ በዚሁ ባትሪ፣ በዚሁ ነጭ ጣውላ ስንት አነበቡ?»

«አራት መቶ ምናምን።»

«ዛሬስ?»

ሰውየው ወደ ስልኩ አጎነበሱ። «ዜሮ ገደማ።»

«የተለወጠው የቅሉ ግድግዳ ብቻ ነው። አማቴ አጥነው አጠቆሩት። ብርሃኑ ገባ፣ ግድግዳው ዋጠው። የእርስዎ አረንጓዴ ጥላሸት አይደለም፣ እሺ፤ ግን እሱም ይውጣል። ክፍላችን ደግሞ መስኮቱ አንድ ነው።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምሬ ሣህለ ማርያም ዐይናቸውን ከቅሉ አፍ ላይ አድርገው ውስጡን ቃኙ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ወይራ ወይራ ይሸታል። «እዚህ ውስጥስ ዳዊትም አይደገም» አሉ። ኖራው ጸደቀ። አረንጓዴው ለሽንት ቤቱ ሆነ፤ እድፍ አያሳይማ።

ክፍሉ ኖራ በተቀባ ማግስት ይርጋነሽ ሰሌዳውን ሞልታ ጽፋ ዞር ስትል፣ ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ ተነሣ። መክሊት ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ።

«ቲቸር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳስተዋል። መደመር ነው፣ መቀነስ አይደለም።»

ይርጋነሽ ሰሌዳውን አየች። እውነትም ተሳስታለች። በዕድሜዋ ሙሉ ስሕተቷን ሲነግሯት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ከዚያ ድረስ ይታይሻል?» አለች።

«ሁሉም ይታያል፣ ቲቸር።»

ይርጋነሽ ጠመኔውን እንደያዘች፣ ስድሳ ተማሪ እያያት፣ አለቀሰች።