ባለመስመሩ ፕላስተር

ባለፈው ሳምንት መንጋጋ ጥርሴን ላስነቅል ሲቀላ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ፣ ነርሷ የመሣሪያውን ጥቅል ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኳት። "ቆዪ፣ የጥቅሉን ፕላስተር አሳዪኝ" አልኳት። "ንጹህ ነው እናቴ፣ አይፍሩ" አለችኝ፣ ነገረኛ አሮጊት ገጠመችኝ በሚል ፊት። ፈርቼ አልነበረም።

ያ ፕላስተር አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ነጣ ያሉት መስመሮቹ ሙቀት ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። የጠቆረ ገብቷል፣ ያልጠቆረ አልገባም። ጥቅሉ ከተከፈተ በኋላ ግን መሣሪያው ከተጠቀለለበት ጨርቅ ላይ ተልጦ መጣል አለበት፤ አንዴ የጠቆረ መስመር ቢያጥቡትም አይነጣም።

ይህን ስማር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከኦቾሎ መንደር ወርጄ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው ሆስፒታል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ አዘጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃችን ሲስተር አልማዝ ከሰሜን የመጣች፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ይህን አልክድም። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፣ እዚህ ላይ ግን እሷ ይበቃታል። ያጠብኩትን መቀስ በነርስ ተማሪዎች ፊት ታነሣና "ይሄ ድንች ማጠብ አይደለም፣ መንደርሽ ያለሽ መሰለሽ?" ትለኛለች። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔ "እሺ ሲስተር" እላለሁ፣ በሆዴ ግን እረግማታለሁ።

ማንጎ በየመንገዱ የሚረክስበት፣ ግድግዳው ሁሉ የሚግልበት ወቅት ነበር። አንድ ጠዋት የቀዶ ጥገና መሣሪያ ጠቅልዬ፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን አሮጌ ፕላስተር ልጬ አዲስ ልለጥፍበት ስል ለሌላ ሥራ ተጠራሁ። ልብስ አጣቢዎቹ ጨርቁ እንዳይቀደድ ብለው አሮጌውን ሳይልጡ ነበር ያጠቡት። ሲስተር አልማዝ መጥታ ጥቁሩን መስመር አየችና፣ አውቶክሌቭ ገብቷል ብላ ጥቅሉን አንሥታ ንጹሁ መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ስመለስ ስታኖረው ከበር አየኋት። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ሐኪሙና ተማሪዎቹ ባሉበት፣ ሊከፈት ሲል ነው የምናገረው አልኩ በልቤ። በምሳ ሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የጫኖ ማንጎ በላሁ። እንደዚያን ቀን ማንጎ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሁለት ቀን ያማጠች፣ መንገድ ያንገላታት ሴት ከካምባ መጣች። የሕፃኑ የልብ ምት እየደከመ ስለነበር ሐኪሙ ባስቸኳይ ቀዶ ጥገና አለ። ሌላውን ጥቅል ጠዋት ተጠቅመውበት ነበር፤ የቀረው ያ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ሮጬ አልተናገርኩም። ሁሉም ጓንት አጥልቀው እስኪቆሙ ጠበቅኩ።

"ዶክተር፣ ይሄ አውቶክሌቭ አልገባም" አልኩ። "ሲስተር ናቸው ያስቀመጡት።"

ሲስተር አልማዝ ፕላስተሩ ከጨርቁ ጋር የታጠበ አሮጌ መሆኑን ቀርባ አይታ ፊቷ ቀላ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ማሽኑ እስኪሞቅ፣ ዕቃው እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። እናትየው ተረፈች፤ ልጁ ሞቶ ወጣ።

"ከመንገድ ተጎድቶ ነው የመጣው" አለ ሐኪሙ። እኔንም በሁሉም ፊት አመሰገነኝ። የወላዷ እናት ልጃቸውን ከቆሻሻ ቢላ እንዳዳንኳት ሰምተው፣ በጋሞኛ እየመረቁ እጄን ሳሙኝ።

ሁሉም ሲወጣ ሲስተር አልማዝ በሩን ዘጋች። "መቼ ነው ያየሽው?"

"አሁን ነው ሲስተር።"

ማስረጃ አልነበራትም። ሕፃኑ የተኛበትን ጠረጴዛ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "እንግዲያው አንቺ ጠቅልዪው" አለችኝ። ጠቀለልኩት። ወንድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ድንች ብላኝ አታውቅም። ስድስት ዓመት አብረን ሠራን፣ ከሥራ ውጪ ቃል አልተለዋወጥንም። ማረፏንም ሰምቼ ለቅሶ አልደረስኩም።

አሁን ጉንጬ አብጦ ቤት ተቀምጬ ሳስበው፣ ጠዋት ብናገር ያ ጥቅል ከምሳ በፊት ይደርስ ነበር። ልጁ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ሲስተር አልማዝን ዛሬም አልወዳትም፣ ይቅርም አላልኳትም። ከሁለታችን ግን እሷ የተሳሳተችው ሳታውቅ ነበር።