ሌባ በምን ይገባል?

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ፣ ገጽ 212። «የአንድ ሦስት ማዕዘን ውስጣዊ አንግሎች ድምር» ይላል፤ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ታላቅ እህቴ እዚህ ላይ አቁማ ከወንበሯ ተነሣች። በዚያው ሌሊት ልቧ ቆመ።

በማተሚያ ቤቱ ሃያ ሦስት ዓመት ገጽ ስታቀናብር ኖራለች። «ሚሊሜትር» ይሏት ነበር፤ አንድ መስመር ፀጉር ታህል ቢንጋደድ እንቅልፍ አይወስዳትም። ቤታችን ግድግዳ ላይ በማስመሪያ ሳይለካ የተሰቀለ ነገር የለም፤ የእናታችን የመድኃኒት ሰዓት ሠንጠረዥ ሳይቀር።

ጥቅምት ላይ የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ሠሪዎች ማስጠንቀቂያ ላኩ። ፕሮግራሙ ቀዳዳ አለበት፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል ሲከፈት ውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ኮምፒውተሩን ሊቆጣጠር ይችላል፤ መፍትሔው የላኩትን እርማት መጫን ነው። እህቴ ወረቀቱን አትማ ለሥራ አስኪያጁ ወሰደችላቸው።

«እርማት ሲጫን መስመር ይንሸራተታል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ያለፈው እርማት አንዱን መጽሐፍ በአራት ገጽ አርዝሞ ቤቱን አሳብዶት ነበር። ከዚያ ወዲህ እርማት የሚባል ነገር እዚያ የሚታየው እንደ ወረርሽኝ ነው።

«ታዲያ ቀዳዳውስ?»

«ሌባ በምን ይገባል?»

«ይኼኛው በፋይል ነው የሚገባው።»

«በበር ነው እንጂ! እኔ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ።»

በማግሥቱ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ጡጫ የሚያህል ሁለተኛ ጓጉንቸር ተገጠመ። ጥበቃውም ጥብቅ መመሪያ ተሰጠው፤ የማይታወቅ ፋይል ሲገባ ካየ ያስቆማል። ትጉህ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም በፊቱ አላለፈም።

የካቲት መግቢያ ላይ አንድ የማይታወቅ ደንበኛ የቀን መቁጠሪያ ንድፍ ላከ። ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለው በገዛ እጃቸው ከፈቱት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የቤቱ ፋይል ሁሉ ተቆለፈ፤ የሒሳብ መጽሐፉም ከነመጠባበቂያ ቅጂው። ይኼ እንግዲህ ሦስተኛው ቁልፍ መሆኑ ነው፤ መክፈቻው ግን ሌቦቹ ዘንድ ቀረ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ ራሳቸውን ጠይቀው በመልሳቸው ረኩ። ጥፋቱ «የባለሙያዋ ቸልተኝነት» ሆነ። መጽሐፉ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልደረሰ ከሥራ ትሰናበታለች።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አሏት፣ ውሳኔው የተጻፈበትን ደብዳቤ ዘርግተው።

«ደብዳቤው ጠማማ ነው።»

«ይዘቱን ነው?»

«የግራ ኅዳጉን ነው። ስለ ይዘቱማ ገና አፌንም አልከፈትኩም።»

አልፈረመችም።

መጽሐፉን ያተረፈላት የአራሚው ግትርነት ነው። ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከስክሪን ላይ አላነብም ብለው ሦስት መቶውንም ገጽ በወረቀት አሳትመው አልጋቸው ሥር ከተውት ነበር። እሱን እያየች እንደ አዲስ መተየብ ጀመረች፤ በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ገጽ። ደረቷን እንደሚወጋት ከእናታችን በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ እናታችን ለእኔ የነገረችኝ ደግሞ መጋቢት 10 ነው።

ቀሪውን ሌላ ሰው ጨረሰው፤ መጽሐፉም በቀኑ ወጣ። መቅድሙ ላይ ሥራ አስኪያጁ ስለ «ያላሰለሰ ጥረታቸው» ተመስግነዋል። እህቴ ቸልተኛ እንደነበረች የግል ማኅደሯ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። እርማቱ እስካሁን አልተጫነም።

ማክሰኞ ዕለት ከወንበሯ ያስነሣት ሰዓቱ ነበር። አራሚው ከአሥር ሰዓት በኋላ ለማንም በር አይከፍቱም። ተተይበው ያለቁትን ገጾች አትማ በካርቶን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች።

«አረፍ በይ እንጂ ልጄ፤ ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!»

«መጀመሪያ ይቁጠሩልኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ አምንሻለሁ!»

«እኔን ይመኑኝ፤ ወረቀቱን ግን ይቁጠሩ።»

ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ቆጠሩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። እሷም ደግማ ቆጠረች። ልክ ነበር። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችና ደረጃውን ወረደች።