የቢሮዬ በርና የአባዬ ዊልቸር

ዛሬ እዚህ አምቦ፣ በርና መስኮት ላዝዝ የሄድኩበት ብየዳ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት እንባዬ መጣ።

የማስትሬት ጽሑፌን የምጨርስባት ትንሽ ቢሮ ጓሯችን ውስጥ እያሠራሁ ነው። ልጆቼ እየገቡ እንዳይረብሹኝ ጠባብ በርና ከፍ ያለች ትንሽ መስኮት አሰብኩ።

አባዬን ብቻውን ትቼው መውጣት ስላልፈለግኩ በዊልቸሩ እየገፋሁ ይዤው ሄድኩ። ከታመመ ወዲህ ብዙም አያወራም።

«በሩ ሰባ ሳንቲ ይበቃኛል» አልኩት ብየዳ ሠሪውን፣ ኦቦ ገመቹን።

ኦቦ ገመቹ ሜትሩን ይዞ ጎንበስ አለና የአባዬን ዊልቸር ለካ። «በዚህ እኮ አባትሽ አይገቡም» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ልናገር፣ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

አባዬ ቀደመኝ። «ተዋት፣ ሥራ አላት። እኔ አልገባም። መስኮቱን ብቻ ዝቅ አድርግልኝ፣ ግቢ ተቀምጬ ስትጽፍ ልያት።»

እንባዬን ጠርጌ በሩ አንድ ሜትር፣ ያለ ደፍ፣ መስኮቱም ሰፊና ዝቅ ያለ እንዲሆን አዘዝኩ። ቢሮ ላሠራ ሄጄ ሳሎን አዝዤ ተመለስኩ ማለት ነው።

ወደ ቤት እየገፋሁት ሳለ፣ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ እንደዚህ ነው። «ታዲያ እኔን በየት በኩል ነው የምታስቀምጪኝ?»

«ከጠረጴዛዬ አጠገብ» አልኩት።

እናንተስ ቤት ስትሠሩ ለማን ብላችሁ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ? ጻፉልኝ፣ ለአባዬ አነብለታለሁ።