ሐሙስ ማታ ያላነሳሁት ስልክ

ጌታ ይባረክ! ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንዲት ምስክርነት አለችኝ፤ እሷን ላካፍላችሁ ነው የቆምኩት። አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ከኋላ ያላችሁ እጃችሁን አውጡልኝ። እኔ ጌታን ያገኘሁት ሃሌሉያ በሹክሹክታ በሚባልበት አገር ነው። ጮክ ብዬ ማመስገን ገና እየተለማመድኩ ነው። አሜን? አያችሁ፣ እናንተ እንዴት ታምሩበታላችሁ!

ሙላት እባላለሁ፤ እዚሁ ሻሸመኔ ነው ያደግኩት። በ2010 ዓ.ም. በየመን በኩል አድርጌ ሪያድ ገባሁ። የመንገዱን ነገር ዛሬ አላነሳም፤ እሱ ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ሥራዬ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር እብነ በረድ መሸከም ነበር። ማደሪያዬ ደግሞ ዑድ የሚባል የተጨናነቀ ሰፈር ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን። የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት፣ አልነበረኝም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ወገኖቼ። ኢቃማ የሌለው ሰው በትልቅ ከተማ ውስጥ ማታ ማታ ምን ይሠራል? ከተማው እኮ በዚያ ጊዜ ማታ ነበር የሚነቃው። ሲኒማ ተከፈተ፣ ሙዚቃ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ በእኩለ ሌሊት አይስክሬም እየላሰ ይንሸራሸራል። እኛ ይሄን ሁሉ ከጣሪያ ላይ ሆነን ነው የምናየው። ወደ ታች ከወረድክ አንዱ መኪናውን ያቆምና «ኢቃማ?» ይልሃል። ኸላስ፣ አበቃልህ ማለት ነው። ስለዚህ የቀረን ሁለት ነገር ነው፤ አረቄና ካርታ። አረቄውን የሚያወጡት የኛው ልጆች ናቸው፤ በውሃ ጠርሙስ ይመጣል። አርብ ሥራ ስለሌለ ትልቁ ጨዋታ ሐሙስ ማታ ነው። በካርታ እኔን የሚያህል አልነበረም። በኩራት አይደለም የምናገረው። እሺ፣ ትንሽ ኩራት አለበት፤ ጌታ ይርዳኝ።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እህቴ ትሩነሽ በኤጀንሲ በኩል ለቤት ሠራተኝነት መጣች። ደላላው ስሟን ቀይሮ ዘሀራ አሰኝቷት ነበር፤ ፓስፖርቷም ላይ ዘሀራ ነው የሚለው። የገባችበት ቤት ከከተማው በስተሰሜን ነው። ማዳሟ ስልክ አትፈቅድላትም። ሐሙስ ማታ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከከተማ ወጣ ወዳለ የመዝናኛ ቤት ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ትሩ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ማታ፣ የደበቀችውን ስልክ አውጥታ ለእኔ ትደውላለች። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ የምታውቀው ሰው እኔን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አነሳሁላት። ስለ እናታችን፣ ስለ ሰፈሩ ሰው፣ ስለ ማዳሟ ቁጣ ታወራኛለች። ልጆቹ በኋላ ይሥቁብኝ ጀመር፤ «ሙሌ፣ ሚስትህ ናት እንዴ? ያላ፣ ካርታህን ጣል!» ይሉኛል። አንድ ሐሙስ ሳላነሳ ቀረሁ። በሚቀጥለው ስትደውል «ባለፈው የት ነበርክ?» አለችኝ። «የሌሊት ሥራ ገብቼ ነበር» አልኳት። «ውይ ወንድሜ፣ በላይ በላዩ አትሥራ፣ ትታመማለህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያቺ ውሸቴ ተመቸችኝ። ሳምንት አነሳለሁ፣ ሳምንት እሠራለሁ።

ከኮሮናው በፊት በነበረው በእነሱ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ አርብ ቀትር ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ተነሳሁ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ሳየው ትሩ ደጋግማ ደውላለች። አንድ የድምፅ መልእክትም ተቀምጧል። ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ «ሙሌ፣ ነገ በጠዋት ወደ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው ቤት ሊወስዱኝ ነው። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ዛሬ በሩን ሳይቆልፉት ነው የወጡት። መጥተህ ውሰደኝ። እጠብቅሃለሁ።»

በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። መልሼ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል። ቤቷ እንኳ በትክክል የት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እናቴ ስትደውል «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» እላታለሁ። አረቄውን ካለፈው አብልጬ መጠጣት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ጌታ ሥራ ልምጣ። ስሙ ይባረክ! ሱወይዲ የሚባል ሰፈር ቤት ቀለም እየቀባሁ ነበር። ሐሙስ ነው። አረቄ የሚያመጣልን ልጅ በዚያ ሳምንት ስለተያዘ በከተማው ጠብታ ጠፍቷል። የሚጠጣ ከየት እንደማገኝ እያሰብኩ ከሥራ ስወጣ ሦስት ሐበሾች ትልቅ ኬክ ይዘው አንድ ሕንፃ ሲገቡ አየሁ። «ልደት ነው!» አልኩ በልቤ። ሐበሻ ልደት ካለው ደግሞ የሚጠጣ አይጠፋም። ተከትያቸው ወጣሁና አንኳኳሁ። አንድ ሽበታም ሰው በሩን ጠበብ አድርጎ ከፈተ። «እንኳን አደረሳችሁ!» አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ «ጫማህን አውልቅና ግባ» አለኝ።

ይህ ሰው ጋሽ ወልዴ ይባላል፤ የኩባንያ ሾፌር ነው፣ ኢቃማ ያለው። ቤቱ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ኬኩ መሐል ላይ ነው። መዘመር ጀመሩ፤ ግን ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው ማለት ይቻላል። ሲያጨበጭቡ በሁለት ጣት መዳፋቸውን ነው የሚነኩት። እኔ «ምን ዓይነት የደኸየ ልደት ነው!» እያልኩ ጠርሙሱ ከየት እንደሚወጣ ወጥ ቤቱን እጠብቃለሁ። ሰዓት አለፈ። ጠርሙስ የለም። ኬኩንም የሚነካ የለም። በመጨረሻ አጠገቤ ያለውን «ወንድሜ፣ ኬኩ መቼ ነው የሚቆረሰው?» ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ በሙሉ ክንዱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ነገሩን አስረዳኝ፤ እነሱ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ሁልጊዜ ኬክ ይገዛሉ። ድንገት በር የሚያንኳኳ ከመጣ ሻማ ለኩሰው መልካም ልደት ይዘምራሉ። ካልመጣ መጨረሻ ላይ ይበሉታል። እኔ ሞኙ በኬኩ የተታለልኩ ብቸኛው ሰው ነኝ! ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!

ልወጣ ስል የጸሎት ርዕስ መጠያየቅ ጀመሩ። አንዱ ስለ እናቱ ኩላሊት፣ አንዷ ስለ ማዳሟ። ጋሽ ወልዴ «አንተስ፣ ልጄ?» አለኝ። ቀልድ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እህቴ» የሚል ቃል ነው። ነገርኳቸው። የሌሊት ሥራ እንዳልነበረኝ፣ ካርታ እየተጫወትኩ እንደነበር፣ ሁሉንም። የገሠጸኝ የለም። «ከዚህ ሸክም ጋር ስንት ጊዜ ኖርክ?» አለኝ ጋሽ ወልዴ። እጃቸውን ጫኑብኝ፤ ጸለዩልኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሱንም ድምፅ አጥፍቼ። በዚያች ማታ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

አረቄውን በአንድ ቀን ጣልኩት ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ወድቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሐሙስ ነው። ጋሽ ወልዴ ይሄን ሲያይ «የአንተ ችግር ሐሙስ ማታ ሥራ መፍታትህ ነው፤ እኔ ሥራ እሰጥሃለሁ» አለኝና አንዲት አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠ።

ይቺ ስልክ የኅብረቱ ናት። በየቤቱ ያሉ እህቶቻችን ጌቶቻቸው ሲወጡ ወይ ሲተኙ ይደውሉባታል። ቁጥሩን አንዷ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ እንዲያ እየተባለ ይዳረሳል። ሙስሊሞቹም ይደውላሉ፤ እኛ ሃይማኖት አንጠይቅም። አንዷ የኤምባሲውን መንገድ ትጠይቃለች፣ አንዷ ታማ ነው፣ አንዷ አማርኛ መስማት ብቻ ናፍቋት ነው። የሐሙስ ተረኛ እኔ ሆንኩ። ሕጓ አንድ ናት፤ ጋሽ ወልዴ እንዲህ አለኝ፤ «አንሣና ዝም በል። መጀመሪያ እሷ ትናገር። ማዳሟ ቁጥሩን አግኝታ ደውላ ሊሆን ይችላል፤ ድምፅህን ከሰማች ልጅቷን ትገድላታለች።»

እንግዲህ የእኔ የሪያድ ሌሊት ይህ ሆነ። ልጆቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ስልክ ታቅፌ እቀመጣለሁ። የኮሮናው ሰዓት እላፊ ሲመጣ ጌቶች ሁሉ ቤት ዋሉ፣ ስልኳም ለወራት ዝም አለች ማለት ይቻላል። እኔ ግን ተቀመጥኩ። ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላ በአንድ ሐሙስ ጮኸች። አነሣሁና ዝም አልኩ።

«ሄሎ» አለች ሴትየዋ። «ዘሀራ እባላለሁ። ይቺን ቁጥር ጎረቤት ሰጥታኝ ነው።»

ቅዱሳን፣ ሕጉ መጀመሪያ እሷ ትናገር ይላል፤ ተናግራለች፣ ድምፁንም አውቄዋለሁ። «ትሩ» አልኩ።

«ሙሌ? አንተ ነህ? ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» አለችኝ።

ስሙ ይባረክ! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል! ከሪያድ በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ነበረች። የድሮ ስልኳን ሲወስዱባት ቁጥሬም አብሮ ጠፍቶባት ነበር። የምታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ፣ እኔም ቤቱን በዝርዝር ጠየቅኳት። ልትዘጋ ስትል «የዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርክ ነው ያላነሳኸው፤ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩህም» አለችኝ። እኔ «እህ» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ በማግስቱ ጉዳይዋን ለኤምባሲው ሰዎች አደረሰ። ሳምንታት ፈጀ፤ ግን ወጣች፣ አገሯም ገባች። እኔ ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ ተያዝኩና ተርሂል፣ ማለትም የሚባረር ሰው የሚታሠርበት ቦታ፣ ቆይቼ ተላክሁ። ቤት ስገባ እናቴ አንገቴን አቅፋ «ትሩ ስላንተ ተናግራ አትጠግብም፤ ‹ሥራ ባይዘው ኖሮ በዚያች ማታ በእግሩም ይመጣልኝ ነበር› ትላለች» አለችኝ። ይህን ለአንድ ዓመት ያህል በዝምታ ሰማሁ። እዚህ እየመጣሁ እዘምራለሁ፣ ቤት ገብቼ ሥራ በዛበት የተባለውን ሰውዬ እሆናለሁ።

ባለፈው እሁድ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ነገርኳት። «ሥራ አልነበረኝም፣ ትሩ። ካርታ እየተጫወትኩ ነበር፤ ጠጥቼም ነበር፤ ስልኩን አልሰማሁትም» አልኳት። ሳህኑን አስቀመጠች። «ካርታ?» አለች። «ካርታ» አልኳት። «አሸንፈህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ተነሥታ ወጣች።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ረቡዕ ዕለት በሩ ላይ ቆማ «እሁድ ምስክርነት ትሰጣለህ አሉ። ይሄን ትናገራለህ ወይስ ኬኩን ብቻ ነው የምታወራው?» አለችኝ። «እናገራለሁ» አልኳት። «እንግዲያው መጥቼ እሰማለሁ» አለች። ይኸው መጥታለች። ወደዚህ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አትዙሩባት፣ እባካችሁ፣ ታፍራለች።

ወገኖቼ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጌታ ጋር ስታረቅ ያልጣልኳት ይቺ ውሸት ናት። ከእናንተም መሐል እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ካለ ጌታን ይመነው። እሱ ግማሹን ብቻ ነግረነው እንኳ በሩን የሚከፍት አምላክ ነው፤ ግን ግማሹን ይዘን እንድንቀመጥ አይተወንም። እኔንም አሁን እዚህ ቆሜ አልተወኝም። ለእናንተ «ድምፁን አጥፍቼው ነበር» አልኳችሁ። ለእሷም «አልሰማሁትም» አልኳት። ልክ ነው፣ አልሰማሁትም።

ትሩ፣ አይቼዋለሁ። ስልኩ ጉልበቴ አጠገብ ነበር። ሲበራ ስምሽን አነበብኩት። እጄ ላይ ጥሩ ካርታ መጥቶልኝ ነበርና ስልኩን ደፋሁት። ደግሞ ሲበራ እንዳላይ።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ የለም። ይቅር በይኝ ብዬ በሰው ፊት አላስገድድሽም፤ በራስሽ ጊዜ። ጌታ ግን ይመስገን፣ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነን እውነቱን ሰምተሻል። ቅዱሳን፣ ስለታገሣችሁኝ ተባረኩ። አሁን ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ግን አልወጣችም።