ጣት የማይቀስር ጥያቄ

የወረዳችን ምክር ቤት ጉባኤ ሲከፈት ግጥም ያነበብኩት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ስብሰባ ያለ ግጥም አይከፈትም። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማችን ትንሽ ስለሆነች፣ ገጣሚ ሲፈለግ የሚጠራውም ያው አንድ ሰው ነው። ትምህርቴን አልጨረስኩም። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ እየተከራየሁ፣ ሳልገልጠው የቀረው ገጽ እየቆጨኝ የተማርኩት ነው። የባህል ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መንገድ ላይ አስቆመኝና፣

«ስለ ተጠያቂነት አንድ ነገር ጻፍልን» አለኝ።

«ማን የሚጠየቅበት?»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ። ስለ ተጠያቂነት በአጠቃላይ ነዋ።»

እሺ ያልኩት ለግጥሙ ብዬ አልነበረም። በዚያ ጉባኤ ላይ የእህቴ ጉዳይ ስለሚነሳ አዳራሹ ውስጥ ለመገኘት ፈልጌ ነው።

እህቴ በጤና ጣቢያችን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ኮንትራት ናት። ውሏ በየጊዜው እየታደሰ ዓመታት አልፈዋል። ማዋለጃ ክፍሉን የምታጥበው እሷ ነበረች፤ የሌላውን ሰው ደም ጠርጋ ቤት ስትገባ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። በኋላ እሷም ፀነሰች። ባሏ ቴፒ አካባቢ የቡና እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ፣ ሥራ ሲያገኝ ይልካል፣ ዝናቡ ሲጠና ዝም ይላል። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

«ቋሚ ሰው ወልዶ ይመለሳል፤ ኮንትራት ወልዶ ይቀራል» ትለኝ ነበር። ሆዷ ሳይገፋ ቋሚ መሆን ነበረባት።

ለቋሚነት መደብ ያስፈልጋል፤ ማለትም በመዋቅሩ ላይ የተፈቀደ የሥራ ቦታ። ጤና ጣቢያው አንድ የጽዳት መደብ ነበረው። በመደቡ ላይ ግን ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ደመወዟን ከጤና ጣቢያው ትወስዳለች፣ የምትሠራው ደግሞ የወረዳው አስተዳዳሪ ቢሮ ነው፤ ለእንግዳ ሻይ ታቀርባለች፣ ስልክ ታነሳለች። መጥረጊያ ጨብጣ ያየናት የለም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ከጌጫ ከተማ የመጣ፣ ቀጭን ዝምተኛ ሰው፣ ማዋለጃ ክፍሉ ሳይታጠብ እንዳያድር የእህቴን ውል በጊዜያዊ ሥራ ስም ዝም ብሎ ያድስላት ነበር። ለማንም አይናገርም። እኛም አንናገርም።

ለምክር ቤቱ የሰፈራችን ተመራጭ ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ ቡና የተከሉ፣ ሰው ሳይጣላ እንዲኖር ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱ ሰው። ከጉባኤው በፊት እኔና እህቴ ቤታቸው ሄድን። እህቴ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ሲጠይቁ የጤና ጣቢያችንን ስም ጥሩ። መደቡ አስተዳዳሪው ቢሮ ነው ያለው ይበሉ። ይመለስ ይበሉ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ልጄ፣ ምክር ቤት ውስጥ ጣት አይቀሰርም» አሉ። «አስተዳዳሪው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቢሮህ ያለችው ሴት እለዋለሁ? እንደዚያማ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። ነገሩን በአጠቃላይ አነሳዋለሁ። የገባው ይገባዋል።»

«ሁሉም እኮ ገብቶታል፣ ጋሼ። ችግሩ መቼ አለመግባት ሆነና?» አልኳቸው።

«አንተ ግጥምህን አንብብ» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው ነው።

አዳራሹ ያረጀ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ተናጋሪው አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ግጥሜን አነበብኩ፤ ተጨበጨበ። ሪፖርቱ ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ አፈ ጉባኤዋ፣ ጎላ ያለ ድምፅ ያላቸው ሴት፣ ጥያቄ መሰብሰብ ጀመሩ። አሠራሩን ያን ቀን ነው ያየሁት። አንዱ ጠይቆ መልስ አይሰማም። ሁሉም ተራ በተራ ጠይቆ ይቀመጣል፤ ውኃው፣ መንገዱ፣ ግማሽ ላይ የቆመው የትምህርት ቤት ግንባታ ጨረታ፣ መድኃኒቱ፣ የሥራ አጡ ወጣት። ሁሉም ጥያቄ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አስተዳዳሪው ተነስተው ከጆንያው የወደዱትን እያወጡ ይመልሳሉ።

ጋሼ ተነሱ። ኮታቸው ተተኩሷል።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ በቅድሚያ ለቀረበው ሪፖርት ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ…» ብለው ጀመሩ። አድናቆቱ ረዘመ። የእህቴ ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «በአንዳንድ ተቋማት ለዓመታት በኮንትራት የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። ይህ እንዴት ይታያል? መፍትሔ ቢበጅለት።» አሉና ተቀመጡ።

አንዳንድ ተቋማት። እንዴት ይታያል። ከኋላ ወንበር ሆኜ አንገቴን አስግጌ አየኋቸው። ላባቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እንደ ደፈረ ሰው።

አስተዳዳሪው ስለ ውኃው ፓምፑ ታዟል አሉ። ጨረታው በሂደት ላይ ነው አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የኮንትራት ሠራተኛን በተመለከተ የተነሳው ጥያቄ እጅግ ወሳኝ ነው። የተከበሩ አባላችንን አመሰግናለሁ። አዎ፣ ከመዋቅር ውጭ፣ መደብ በሌለበት ሰው እየቀጠሩ ውል የሚያድሱ ኃላፊዎች አሉ። ይህ ብልሹ አሠራር ነው። በአስቸኳይ አጣርተን እርምጃ እንወስዳለን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጭብጨባዎቹ ሁሉ ሞቅ ያለው ያኛው ነበር። ጋሼም አጨበጨቡ። ሲያጨበጭቡ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ የተባለው ነገር ገና አልደረሳቸውም። መልስ ሲሰጥ ይጨበጨባል፣ ያ ልማድ ነው፤ እጃቸው ከጆሯቸው ቀደመ። ትንሽ ቆይቶ መዳፋቸው ሳይገናኝ አየር ላይ ቀረ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እንኳን ደስ አለዎት እንደማለት ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

አፈ ጉባኤዋ «ተጨማሪ ጥያቄ ያለው?» አሉ። ጋሼን አየሁ። ብዕራቸውን ኪሳቸው ሰክተው ነበር። ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይመለሱና እንዲያ ማለቴ አይደለም ይበሉ እንጂ።»

«መልስ የተሰጠበት ጥያቄ እንደገና አይነሳም። ደንብ ነው።» ዓይኔን አላዩም። «ቢሮው ሄጄ ለብቻው አነጋግረዋለሁ።»

ሄደው እንደሆነ አላውቅም። አስተዳዳሪው ያሉት እርምጃ ግን ዘገየ ተብሎ የሚታማ አልሆነም። በዚያው ሰሞን የአጣሪ ቡድን መኪና ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ኃላፊው በጽሑፍ ተገሠጸ፤ የእህቴም ውል እንዲቋረጥ ታዘዘ። እህቴን ጠርቶ ሲነግራት መሬት መሬት እያየ ነበር አለችኝ።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ ይዤሽ ነበር» አላት። «ማን ጠይቁልኝ በይ አለሽ?»

ቦቲ ጫማውን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ አስረከበች። ሻይ የምታቀርበው ሴት አሁንም ሻይ ታቀርባለች፤ እሷ መደብ አላት። ማዋለጃ ክፍሉን አስታማሚዎች እየተጋገዙ ያጥቡታል ሲባል ሰምቻለሁ። እህቴ በኋላ እዚያው ስትወልድ፣ ምጧ እየመጣ እየሄደ፣ ከአልጋው ላይ ሆና ወለሉን ስታይ ነበር። «ጥጉን ሳይነኩት ነው የሚያልፉት» አለችኝ። ስለ ምጡ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው።

ጋሼ ለአራስ ጥየቃ መጡ። ዳቦና ስኳር ይዘዋል። ሕፃኑን መረቁ። ከዚያም፣

«ጥያቄው እንኳ ክፋት አልነበረውም» አሉ።

«አልነበረውም» አለች እህቴ። ልጁን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረችው። «ጋሼ፣ ልጁን ይመርቁልኝ፣ ደግመው ይመርቁልኝ። ስለ እኔ ግን ከእንግዲህ እዚያ አይጠይቁልኝ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም። አሁን እህቴ ልጇን አዝላ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። የቀን ሥራ ነው፤ ዝናብ ከመጣ የለም። ጋሼ በዚያ በኩል ሲያልፉ ኮፍያቸውን ያነሱላታል። እሷም ቀና ሳትል፣ እጇን ከቡናው ሳታነሳ፣ «እንዴት ዋሉ» ትላቸዋለች።