ከማንጎው ሥር የተቀመጠው ሞተር

ጎረቤቴን መካኒኩን ኢላሪዮን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እዚህ ካርዴናስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ አጭር ግንብ ተለያይተን ኖረናል፤ ከፊቱ ይበልጥ ያየሁት ግን ከመኪና ሥር የወጡ እግሮቹን ነው። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እኔም ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ የሚመለስብኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው በግንቡ አናት ያየሁትን ብቻ ነው።

ነገሩ የተነሣባት መኪና ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብላ የምትኖረው የኔሬይዳ ናት። ባሏ ኦስሙንዶ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ከአያቱ የወረሳት የ1952 ሸቭሮሌት ሞተሯ ተሰነጠቀ። ልጃቸው ዮስቬል ኩላሊቱ አይሠራም። በሳምንት ሦስት ቀን ማታንዛስ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። አንድ ቀን ከቀረ ፊቱ ያብጣል። ሁለት ቀን ከቀረ ምን እንደሚሆን ሰፈር ውስጥ ደፍሮ የሚናገር የለም።

ኢላሪዮ ከተጋጨ የኮሪያ ሚኒባስ ላይ የናፍጣ ሞተር ከባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ጋር አገኘ። ዓርብ አሮጌውን አወረደ። አዲሱ አልገባ ሲለው የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ በየደ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋ፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አሳጠረ። እሑድ ከሰዓት ሞተሩ ተነሣ።

በጥድፊያው አንድ ነገር ዘለለ። እኛ ሰፈር ሞተር ከመኪናው ከመለየቱ በፊት የብረት ጌታ ኦጉን ይጠራል፤ የሸንኮራ አረቄው ሩም በአፍ ተይዞ ብረቱ ላይ ይረጫል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነም ለብረቱ ይነገረዋል። ያልተነገረው ብረት ሥራውን አይተውም ይባላል።

ሰኞ መኪናዋ ልጁን ወስዳ በሰላም መለሰችው። አሮጌው ሞተር ኢላሪዮ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ሁለት ጎማ ላይ ተቀመጠ። ነገሩን ቀድማ ያወቀችው የእኔ ዶሮ ናት። ልጁ ሆስፒታል በሚሄድባቸው ቀናት፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግንቡን ዘላ ሞተሩ ላይ ትተኛለች፤ በሌላው ቀን ዞር ብላም አታየውም። አንድ ረቡዕ ዝናብ ሲወርድ ሞተሩ ላይ እንፋሎት አየሁ። ተሻግሬ በእጄ ነካሁት። ነዳጅ የለው፣ ባትሪ የለው፣ ከሩቅ መንገድ እንደተመለሰ ይፋጃል።

ለኢላሪዮ ነገርኩት። «ፀሐይ ነው» አለኝ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።

ወሬው ኔሬይዳ ጋ ደረሰ። የቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢዎች ረቡዕ እንደሚመጡ ስትሰማ መጥታ ኢላሪዮ ፊት ቆመች።

«ሽማግሌው፣ ጫጩት እስኪፈለፈልበት ነው የምትጠብቀው? ስጣቸውና እንገላገል።»

«ልጅሽን የሚወስደው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አልሰጥም።»

«ናፍጣውን የሚጠጣው ነዋ!»

ኢላሪዮ አልሳቀም። «እንግዲያው መጀመሪያ ንገሪው» አላት። «መሞቱን።»

ረቡዕ ጠዋት ኢላሪዮ ሩሙን ረጨ። ኔሬይዳ መጀመሪያ አፍራ ግንቡ ጋ ወደቆምሁት ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ጎንበስ አለች።

«ኦስሙንዶ ሞቷል» አለች ለብረቱ። «መጋቢት ላይ ቀበርነው። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ዶሮዬ ወርዳ ወደ ግቢዬ ተመለሰች። ኔሬይዳ ልጇን ይዛ ስትሄድ ሰብሳቢዎቹ መጡ። ሞተሩን ሲያነሡት ነካ አደረግሁት፤ ቀዝቅዟል።

ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ስምንት አለፈ፣ ዘጠኝም አለፈ። ኢላሪዮ ያን ቀን ከማንም መኪና ሥር አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ዋለ። እኔም ግንቡን ይዤ ቀረሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ የመንገዱን መታጠፊያ ዞራ መጣች። ዮስቬል ዳቦ እየገመጠ ወረደ፤ ፊቱ አላበጠም። ወረፋው በዝቶ ነው አለች ኔሬይዳ። መንገዱስ ብሎ ኢላሪዮ ጠየቃት።

«እንደ ዛሬ ለስልሳ አታውቅም» አለችው። «ድምፅ እንኳ የላትም።»

እነሱ ወደ ቤታቸው ሲገቡ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍሁ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር መጥታ እንደ ጉድጓድ ውኃ ትቀዘቅዛለች። ኢላሪዮም እጁን ከእጄ አጠገብ አሳረፈ፤ ቶሎም አላነሣውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ ጥያቄው ከአፌ ወጣ።

«ኢላሪዮ፣ አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱም አልሞቀም፤ ታዲያ አሁን ማነው ያመጣቸው?»

ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ግራሶ ያልነካውን እጁን ጣት በጣት ጠረገ። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ።